የመሪጌታው ቤት ሲሚንቶ አይፈልግም፤ ውሃው ይውጣለት

ጥያቄው የደረሰኝ ከአንዲት የመንዝ ልጅ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«አያቴ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ነው። የድንጋይ ቤት ነው፤ ደርብ አለው፤ ክዳኑ ሣር ነው። አያቴ ካረፉ ወዲህ ሰው አይኖርበትም። ባለፈው ክረምት አንዱ ማዕዘን ሆዱ ወጣ። ወንድሞቼ ሣሩን አንስተን ቆርቆሮ እናልብሰው፣ ግድግዳውንም በሲሚንቶ እንለስነው ይላሉ። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ደግሞ አፍርሰን በብሎኬት የእንግዳ ማረፊያ እንሥራበት እያሉን ነው። እንዲህ ያለ ቤት ቅርስ ይባላል? እኛስ ምን ብናደርግ ይሻላል?»

እህቴ፣ ስለ ቅርስነቱ ከማውራታችን በፊት ስለዚያ ማዕዘን ልንገርሽ። ሆዱ የወጣ ግንብ ቀጠሮ አይሰጥም። ዛሬውኑ ደውይና ከሥሩ ሰውም ከብትም እንዳያርፍ ይደረግ። ከዚያ በውጭ በኩል ሳንቃ ግንቡ ላይ ይለጠፍና ሁለት ሦስት ወፍራም የባሕር ዛፍ እንጨት በሰያፍ ይደገፍበት። የእንጨቶቹ እግር እንዳይንሸራተት ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ ትልቅ ድንጋይ ይያዘው። እብጠቱን በመዶሻ መትተን እንመልሰው የሚል ሰው ከመጣ እንዳትሰሙት። ግንቡ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ይናዳል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ቅርስ ይባላል። ቅርስ ለመሆን ንጉሥ የተኛበት መሆን የለበትም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚመለከተው የነገሩን ታሪካዊ፣ ባህላዊና የእጅ ጥበብ ዋጋ ነው። በሰሜን ሸዋ ስለ አሮጌ ቤት ሲነሳ ግን ሁላችንም አፋችን ላይ የሚመጣው ቤተ መንግሥት ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ ቤተ መንግሥት ሠርተው ለዓመታት ተቀምጠውበታል። ዛሬ ከዚያ ቆሞ የሚታይ ግንብ የለም። አንኮበርም የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት እዚያ የቀረው የድንጋይና የኖራ ግንብ ቁራጭ ነው። የነገሥታቱ እንዲህ ከሆነ፣ የአንድ ገጠር መሪጌታ ቤት ደርቡን እንደያዘ እስከ ዛሬ መቆሙ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሩቅ ሲያዩት የመንዝ ገበሬ ቤትና የካህን ቤት አንድ ነው። ድንጋዩም ጭቃውም ሣሩም ያው ነው። ልዩነቱ ውስጥ ሲገባ ነው የሚታየው። እኔ ገብቼ ባየኋቸው የካህናት ቤቶች ታችኛው ክፍል እንደ ማንኛውም ገበሬ ቤት ነው። ጋጣው አለ፣ ጎታው አለ፣ ጓዳው አለ። ካህኑም አራሽ ነውና። ደርቡ ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከብት አይደርስበትም፤ እህልም አይበዛበትም። ግድግዳው ላይ መጻሕፍት በየማኅደራቸው የሚንጠለጠሉበት ኩላብ አለ። አንዳንዱ እንጨት ነው፤ አንዳንዱ ጭቃው ውስጥ የተተከለ የበሬ ቀንድ ነው። ብራና እርጥበት አይወድም፤ አይጥም ይበላዋል። ስለዚህ ከመሬት ርቆ፣ ከግድግዳውም ትንሽ ለቀቅ ብሎ ይሰቀላል። ደርቡ ለማማር አልተሠራም። ለመጽሐፍ ነው የተሠራው።

አንድ ቤት ውስጥ ያየሁትን መስኮት አልረሳውም። ከሁለት መዳፍ ብዙም አይሰፋም። ወደ ምሥራቅ ያያል። ወርዱ ከውጭ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ሲመጣ እየሰፋ የሚሄድ ነው። ብርድ በጠባቡ ይገባል፤ ብርሃን ግን በሰፊው ይበተናል። የደፉ ድንጋይ በአንድ በኩል ብቻ ጎድጎድ ብሎ ለስልሷል። ቁጭ ብዬ ክርኔን ሳሳርፍበት ልክ ገባ። መጽሐፍ ይዞ ወደ ብርሃኑ ያዘነበለ ሰው ክርን ነው ያለሰለሰው፤ ምናልባትም የአባትም የልጅም። ያን ድንጋይ በሲሚንቶ የሚሸፍን ሰው ምን እንደሸፈነ አያውቅም።

የአያትሽ ቤትም እንዲህ ያለ ምልክት አያጣም። በሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይከፈት እንደሆነ እዪ። ማኅሌትና ሰዓታት በሌሊት ነው፤ መሪጌታ በጨለማ ተነስቶ የሚሄድበት መንገድ የቤቱን አቀማመጥ ይወስነዋል። ከውጭ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ የተሠራ የድንጋይ መደብ ካለም ልብ በይው። የቆሎ ተማሪዎች ቀለም ሲቆጥሩ የሚቀመጡበት ይሆናል። ከመደቡ በላይ ያለው ድንጋይ በጀርባቸው ብዛት አብረቅርቆ ታገኚው ይሆናል። እናትሽ ካሉ የትኛው መደብ የማን እንደነበረ ጠይቂያቸው። በስልክሽ ቅጂው። ከግንቡ በፊት የሚጠፋው እሱ ነው።

ዕድሜውን ለማወቅ ደግሞ አናጺ ይዘሽ ጣሪያውን እዪ። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ወደ ገጠሩ የተስፋፋውም ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ዋናው ምሰሶና የደርቡ ተሸካሚ እንጨቶች ባሕር ዛፍ ከሆኑ ቤቱ ከዚያ በፊት የተሠራ አይደለም፤ ወይም በኋላ ታድሷል። ጥድ ወይም ወይራ ከሆኑ የበለጠ ሊያረጅ ይችላል፤ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ጥቀርሻውንም አስተያዪ። አብረው የኖሩ እንጨቶች አንድ ዓይነት ጥቁረት አላቸው። በመካከላቸው ነጣ ያለ ካለ በኋላ የገባ ነው።

ወደ ሲሚንቶው ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ብዙ ቤት ሲሞት ያየሁት በዚህ ነውና።

የመንዝ የድንጋይ ግድግዳ አንድ ግድግዳ አይደለም። ሁለት ነው። የውጭ ፊት አለ፤ የውስጥ ፊት አለ። መሐሉን ጠጠርና ጭቃ ይሞላዋል። ሁለቱን ፊቶች የሚያያይዛቸው አልፎ አልፎ ከውጭ እስከ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ድንጋይ ነው። ይህ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል። ከመሬትም ከዝናብም ይጠጣል። ግን መልሶ ይተፋዋል፤ ጭቃው ይተነፍሳልና። ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ይደርቃል። ሲሚንቶ ስትለስኚበት አፉን ዘጋሽው ማለት ነው። ውሃው ከሥር መግባቱን አይተውም፤ መውጫ ግን ያጣል። መሐል ያለው ጭቃ ይረጥባል፣ ይለሰልሳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ያኔ ሁለቱ ፊቶች ይለያያሉ። የውጩ ፊት ሆዱ ይወጣል።

ከዓመታት በፊት አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ምእመናን አዋጥተው በሲሚንቶ አስለስነውት ነበር። ሲያዩት ያምራል፤ ነጭ ቀለምም ተቀብቷል። ወሩ ጥር ነው። ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል። ልስኑ ላይ አንድ ስንጥቅ ነበር። በዚያ በኩል ረጅም ሚስማር ሰደድኩ። ድንጋይ ሳይነካ እስከ ራሱ ገባ። ሳወጣው ጫፉ ላይ የተጣበቀው ጭቃ እንደ ሊጥ ነበር። በጥር! ልስኑን በእጄ ስስበው እንደ ሳንቃ አንድ ላይ ተገንጥሎ መጣ። ከኋላው ያለው ግንብ መያዣ አልነበረውም። ያን ያሠሩት ሰዎች ቤታቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። ገንዘባቸውን ከአፋቸው ቀንሰው ነው ያዋጡት። ወንድሞችሽንም የምረዳቸው ለዚህ ነው። ለቤቱ አስበው ነው። ያሰቡለት ነገር ግን ይገድለዋል።

ሌላም አለ። አገራችሁ መሬት የሚንቀጠቀጥበት አገር ነው። በ1835 ዓ.ም. አንኮበር ላይ መንቀጥቀጡና የመሬት መንሸራተቱ ቤት አፍርሷል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈራርሳለች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው እስከ አዲስ አበባ ሲሰማ ሰንብቷል። በጭቃ የተያዘ ግንብ ትንሽ ይወዛወዛል፤ ትንሽ ይለቃል። ሲሚንቶው ግን ደረቅ ነው። ግንቡ ሲንቀሳቀስ እሱ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውሃ ይገባል። የአያትሽ ቤት ላይ ስንጥቅ ካለ በላዩ ላይ ትንሽ ጀሶ አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግንቡ አሁንም እየሄደ ነው። ካልተሰነጠቀ የቆየ ቁስል ነው፤ አያስደነግጥም።

ታዲያ ማዕዘኑን ምን አሳበጠው? ሳላየው እርግጠኛ አልሆንም። ግን አሥር ቤት ባይ ዘጠኙ ላይ ምክንያቱ ውሃ ነው። ሦስት ቦታ ፈልጉ። አንደኛ የሣሩ ጫፍ ነው። ክፈፉ እዚያ ማዕዘን ላይ አጥሮ ወይም ተበልቶ ከሆነ ዝናቡ በግንቡ ራስ ላይ ነው የሚወርደው። ሁለተኛ መሬቱ ነው። በድሮ ቤት ዙሪያ የዘመናት አመድ፣ ጥራጊና አፈር ስለሚከማች የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል በላይ ይሆናል። ያኔ ግንቡ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቆመ ማለት ነው። ሦስተኛ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በቅርቡ ቆርቆሮ ለብሶ ከሆነ የአሸንዳው ውሃ ወዴት ይፈሳል? ቅጥሩን አልፎ ወደ አያትሽ ቤት የሚወርድ ከሆነ ቁልፉ እዚያ ነው ያለው።

መሬቱን ዝቅ ስታደርጉ በጥንቃቄ ይሁን። የተከመረው አፈር ብቻ ይነሳ። የመሠረቱ ድንጋይ ከታየ እዚያ ላይ አቁሙ፤ ከሥሩ አትቆፍሩ። ከግንቡ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ቦይ አውጡና ውሃውን ወደ ቁልቁለቱ ምሩት። ይህ ሥራ አካፋና የሁለት ቀን ጉልበት ነው የሚጠይቀው። ከሁሉም የሚበልጠው ጥገናም እሱ ነው።

ያበጠው ክፍል ግን መፈታት ይኖርበታል። የቆየ የጭቃና የድንጋይ ግንብ የሚያውቅ ግንበኛ ፈልጉ። በብሎኬት የሠለጠነ ልጅ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ግን ላያውቀው ይችላል። ከላይ ወደ ታች ያበጠው ብቻ ይፈታ። ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት ፎቶ ይነሳ፤ በከሰል ቁጥር ይጻፍበት፤ በተራ መሬት ላይ ይደርደር። ሲመለስ በየቦታው ይግባ። ያለፈው ግንበኛ ረጃጅሙን ድንጋይ ቆጥቦ ከነበረ አሁን ጨምሩበት። በየአንድ ሜትሩ ሁለቱን ፊቶች የሚይዝ አንድ ድንጋይ ቢኖር ማዕዘኑ እንደገና አይለያይም።

ጭቃውን የአገራችሁ ሰው ከእኔ በላይ ያውቀዋል። አፈሩ ይነፋል፤ ጭድ ይገባበታል፤ ይረገጣል፤ ከዚያ ይቦካል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይሰንብት። ሽታው ሲለወጥና በእጅ ሲይዙት እንደ ጎማ ሲሳብ ደርሷል። ቶሎ ቶሎ ተብሎ በዕለቱ የተለጠፈ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። መጨረሻ ላይ በእበትና በአመድ መለቅለቅ ይበቃል። ጊዜው ከመስቀል በኋላ ወዲያው ቢሆን ጥሩ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የመንዝ ውርጭ እርጥብ ጭቃ ላይ ካደረ ያፈራርሰዋል። የካቲት ላይ ደግሞ በልግ ሊመጣባችሁ ይችላል።

ስለ ጣሪያው ከወንድሞችሽ ጋር ሙሉ በሙሉ አልጣላም። ምኞቴ ግን ጓሳ ነው። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል በራሱ ሥርዓት ያን ቦታ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆታል። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። ዛሬ ግን 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የጓሳ መሬት በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ነው። ስለዚህ ሣሩ ሲከፈት ድርሻችሁን ጠይቁ። ጓሳ ከገብስ አገዳ በጣም ይቆያል። ብርዱንም ይከላከላል። በዚያ ከፍታ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አቅም ከጠፋ ቆርቆሮ ይሁን። ጣሪያ የሌለው ቤት ሁለት ክረምት አይሻገርም። ግን ደርዝ ባለው መንገድ ይሁን። የድሮውን ወራጅና ምሰሶ አታንሱ። የግንቡን ራስ ቆርጣችሁ አታስተካክሉ። የክዳኑን ቁልቁለት አታላሉት። ክፈፉ ከግንቡ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። እርጥብ ሣር ከባድ ነው፤ ራሱን ይጫናል። ቆርቆሮ ቀላል ነው፤ የመንዝ ነፋስ ይነቅለዋል። ስለዚህ ወራጆቹ ከግንቡ ጋር በደንብ ይታሰሩ። ደግሞ ሌሊት ሲበርድ ቆርቆሮ ከውስጥ በኩል ጤዛ ይይዛል። ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ይንጠባጠባል። መጽሐፍ ያለበት ደርብ ላይ ይህ አደጋ ነው። ከሥሩ በሸምበቆ ወይም በጣውላ ኮርኒስ ሥሩለት፤ መሐሉ ነፋስ ይግባበት።

የደርቡን እንጨት ደግሞ በወስፌ ፈትሹት። መሐሉ ደህና ሆኖ የሚበሰብሰው ግንቡ ውስጥ የተቀበረው ጫፉ ነው። ወስፌው እንደ ዳቦ ከገባ ያ ጫፍ ሞቷል። ሙሉውን እንጨት መጣል የለባችሁም። የሞተው ይቆረጥ፣ በደረቅ ወይራ ይቀጠል፤ ወይም ከሥሩ ምሰሶ ይቁምለት። እስኪጠገን ድረስ ብዙ ሰው አብሮ ደርቡ ላይ አይውጣ።

አሁን የሰበካ ጉባኤው ጉዳይ። አባቶችን በእልህ አትግጠሟቸው። የእንግዳ ማረፊያ መፈለጋቸው እውነት ነው። ለንግሥ የሚመጣው እንግዳ የት ይደር? ብሎኬቱ ግን ለምን እዚያው ቦታ ላይ ይሆናል? ራቅ ብሎ ባለው መሬት ይሠራ። የመሪጌታው ቤት ደግሞ ወደ ሥራው ይመለስ። ደርቡ የአብነት ተማሪዎች ማንበቢያ ቢሆን፣ ታችኛው ክፍል የአንድ መምህር መኖሪያ ቢሆን፣ ቤቱም ይድናል፤ ደብሩም ይጠቀማል። ይህን የምለው ለደግነት ብቻ አይደለም። ሰው የማይኖርበት የሣር ቤት ቶሎ ነው የሚወድቀው። ምድጃው ሲነድ ጭሱ ሣሩን ያደርቃል፤ ተባዩን ያባርራል፤ እንጨቱን በጥቀርሻ ያለብሳል። ሰው ካለ ደግሞ የምታፈስ ቀዳዳ በማግሥቱ ትደፈናለች። አያትሽ ካረፉ ወዲህ ያ ቤት ጭስ አላየም። ማዕዘኑም ሆዱ የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ። በአዋጁ መሠረት ቅርስ የግለሰብ ንብረት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማስመዝገብ ማለት ቤቱን ማስረከብ አይደለም። ቅርስ የሆነን ነገር ለመጠገን ግን አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። የይዞታ ደብተራችሁን፣ ፎቶዎቹንና የእናትሽን ቃል ይዛችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። ማመልከቻው ላይ የገባበት ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። አፍርሱ የሚል ሰው ሲመጣ የምታሳዩት ወረቀት እሱ ነው። መደገፊያውን እንጨት ለማቆምና ቦዩን ለማውጣት ግን ማንንም አትጠብቁ።

ወንድሞችሽ ለቅዳሜ ወደዚያ ከሄዱ አምስት ፎቶ አስነሺልኝ። ማዕዘኑን ከጎን፣ እብጠቱ እንዲለይ አጠገቡ ቀጥ ያለ እንጨት ቆሞ። የዚያን ማዕዘን ክፈፍ ከሥር ወደ ላይ። የግንቡን እግር ከነመሬቱ። የደርቡን እንጨት ጫፍ ከውስጥ። አምስተኛው የምሥራቁ መስኮት ይሁን፤ ደፉን በቅርቡ።